የደወሉ መብራት

አባትየው በመምህሩ ማመን የጀመረው በሙዚቃ ምክንያት አይደለም፤ በጢም ምክንያት ነው።

አባትየው የዕድሜውን ግማሽ በጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና መኪና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። መኪኖቹ በበኩላቸው ጆሮውን ቀስ በቀስ ወሰዱበት። መጀመሪያ የወፍ ድምፅ ሄደ፤ ቀጥሎ የስልክ ጥሪ፤ ቀጥሎ ከኋላው የሚጠራው ሰው። በመጨረሻ የቀረለት ፊት ለፊቱ የቆመን ሰው ከንፈር እያየ ነገር መልቀም ብቻ ሆነ። ስለዚህ ልጁ ገና ትንሽ ሳለች ከትምህርት ቤት መጥታ "ቼሎ ልማር ነው" ስትለው ሁለቴ አስደገማት። የሰው ከንፈር እንደዚያ ሲሆን አይቶ አያውቅም ነበር። ቼሎ ማለት ተቀምጠው በጉልበት መሃል ይዘው የሚጫወቱት የቫዮሊን ታላቅ ወንድም መሆኑን በእጇ አየር ላይ እየሳለች አስረዳችው።

ሊያስመዘግባት አብሯት ሄደ። መምህሩ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነው። አፉን እንደ መጋረጃ የሚከልል ጢም ነበረው። ብዙ ተናገረ፤ አባትየው ግን አንዲት ቃል አልያዘም፤ ራሱን ሲነቀንቅ ብቻ ቆየ። ልጅቱ መሃል ገብታ "አባዬ አይሰማም፤ አፍ እያየ ነው" አለች።

በሳምንቱ ሲመለሱ በሩን የከፈተላቸው ሰው ሌላ መሰላቸው። ጢሙ የለም። የላይኛው ከንፈሩ ለዓመታት ፀሐይ ሳያየው ኖሮ እንደ ሕፃን ቆዳ ነጥቷል። ስለ ጢሙ ምንም አላለም። "ግቡ፣ ረፍዷል" ብቻ አለ፤ አባትየውም ሁለቱንም ቃል አየ።

"ለኔ ብሎ ጢሙን የጣለ ሰው ልጄን አያታልላትም" አለ በልቡ። ይህን ሐሳብ ከዚያ ወዲያ መርምሮት አያውቅም። እንጀራው ምርመራ ለሆነ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጆሮው ሲደክም ፋብሪካው ከጥገና አንስቶ ጨርቅ ፍተሻ ላይ አስቀምጦት ነበር። ከሥሩ መብራት በበራበት መስታወት ላይ ጨርቁ ያልፋል፤ እሱ ከፊቱ ቆሞ የተበጠሰ ክር፣ ቋጠሮ፣ የዘይት ጠብታ ይፈልጋል። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር የሚነግረው ነገር አንድ ነው። "አንዴ ታይቶ የጠፋ እንከን የክሩ ነው፤ እለፈው። በእኩል ርቀት እየተመላለሰ የሚመጣ እንከን ግን የመኪናው ነው። ክሩን አትስደብ፤ ሄደህ መኪናውን እይ።"

ልጁን "ቀሰም" ይላታል፤ ማግ እንደሚጠመጠምባት ቀጭን ዘንግ ቀጥ ያለች ስለሆነች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለት ናቸው። ደወል ሲደወል የምትከፍተው ቀሰም ናት። ጀበናው ገንፍሎ ምድጃውን ሲያጠፋ የምትሮጠው እሷ፤ ሱቅ ውስጥ ባለሱቁ ጀርባውን ሰጥቶ ዋጋ ሲናገር ክንዱን ነካ አድርጋ የምትደግምለትም እሷው።

የመምህሩ አካሄድ ለሰው አይገባም ነበር። ዓመት ሙሉ ዜማ የሚባል ነገር አላስያዛትም። ደጋኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ክር ላይ ሳብ፤ መለስ፤ ሳብ፤ መለስ። ልትፈጥን ስትል "ቆዪ" ይላታል። አሁንም "ቆዪ"። ቃሉ በመስኮት እየወጣ ሰፈሩን ስለሞላው ሰዉ "ጋሼ ቆዪ" ብሎ ስም አወጣለት።

አንድ ቀን የአባትየው ታላቅ እህት ልትጠይቃቸው መጣች። እሷ ወንድሟን ስታናግር ግንባሩን በግንባሯ ልትነካ ምንም አይቀራትም።

"እስቲ አንድ ዘፈን ታሰማን" አለች።

"ገና ነው።"

"ገና? በዚህ ጊዜ ሰው አግብቶ ይፈታል እኮ!"

"መምህሩ ቆዪ ብሏታል።"

"እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል አሉ። የናንተ እንቁላል እዚያው ጎጆው ውስጥ ሊገማ ነው! ደግሞስ አንተ በምን አወቅህ? ቢያስተምራት ባያስተምራት አትሰማ!"

ቀሰም አቀረቀረች። አባትየው ሻዩን ሲያማስል ቆየና "እትዬ" አለ፤ "የማላየውን ሳምን ነው የኖርኩት። የማልሰማውን ማመን ምን ያቅተኛል?"

"እሱ ፈጣሪ ነው! ይሄ ሦስተኛ ፎቅ ያለ ሽማግሌ ነው!" አለችና ሻሿን አጥብቃ ወጣች። በመስኮት ሲያያት መንገዱን ሙሉ ብቻዋን እየተናገረች ነበር።

ደግሞ እህቱ ያላወቀችው ነገር ነበር። ከሥራ ሲመለስ ቀሰም ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ትለማመዳለች። ቼሎው በብረት እግሩ የእንጨቱን ወለል ይነክሳል። እሱ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል። ድምፁ በወለሉ ሄዶ፣ በጠረጴዛው እግር ወጥቶ፣ እጁ ውስጥ ይገባል፤ ጭን ላይ ተኝታ እንደምታንኮራፋ ድመት። የቀረለት ድምፅ ያ ነበር። በዚያች ሰዓት ሰው ከሰው ጋር የሚኖርበት ቤት ውስጥ እንዳለ ያውቃል። ደጋኑ ሲነሳ ግን ሁሉም ነገር ወዲያው ወደ ሩቅ ይሄዳል።

ዓመታት አለፉ፤ ዜማው መጣ፤ ቀሰም ትምህርቷን ልትጨርስ ተቃረበች። አንድ ምሽት አባትየው እያያት ሳለ ደጋኑ መሃል ላይ ሲደርስ ክርኗ ከፍ አለ። ጥቂት ነው፤ እጁ ውስጥ ግን ድመቷ አንዴ ነቅታ ተመልሳ የተኛች ያህል ተሰማው። በሚቀጥለው መሳብ እዚያው ቦታ ላይ ደገመው። በሚቀጥለውም። "የመኪናው ነው" የሚል ሐሳብ መጣበት፤ ወዲያው አባረረው።

በተማሪዎች ቀን ግን መምህሩ ራሱ ሲጫወት አየ። ሽማግሌው ድሮ ከደረጃ ወድቆ ቀኝ ትከሻው ተሰብሮ ነበር፤ አጥንቱ ሲጠገን ልክ አልገጠመም። ደጋኑ መሃል ላይ ሲደርስ ትከሻው እምቢ ይላል፤ እሱም ክርኑን አንስቶ እንቅፋት እንደሚሻገር ሰው ይሻገራታል። ቀሰም ትከሻዋ ደህና ነው። የሌላትን እንቅፋት መሻገር ግን ከሱ ተምራለች።

አባትየው ለማንም አልተናገረም። "እሱ ያላወቀውን እኔ ደንቆሮው ላውቅ ነው?" እያለ ራሱን አሳፈረ። ማመን ማለት አፍን መዝጋት መስሎት ከረመ።

መምህሩ ወደ እነሱ ቤት የመጣው ቀሰም ሱቅ በሄደችበት ሰዓት ነው። መስኮቱ አጠገብ ብርሃን ፊቱ ላይ እንዲያርፍ አድርጎ ተቀመጠ።

"ይህችን ልጅ ይውሰዱልኝ" አለ።

አባትየው ከንፈሩን በስህተት ያነበበ መስሎት "አልያዝኩትም" አለ።

"ይውሰዱልኝ ነው ያልኩት። ባቡር ተሳፍሮ በሚኬድበት ከተማ አንዲት አስተማሪ አለች። ጽፌላታለሁ፤ ልትቀበላት ነው። እኔ ዘንድ ከቆየች እኔን ነው የምትሆነው።"

"ክርኗን ነው የሚሉት?"

መምህሩ ቀና ብሎ አየው። "አይተዋል?"

"ካየሁት ከርሟል።"

"ታዲያ ምነው አልነገሩኝ?"

"እርስዎ ያላዩት አልመሰለኝም።"

ሽማግሌው የላይኛ ከንፈሩን፣ ጢሙ የነበረበትን ቦታ፣ በጣቱ ዳበሰ። "አይቼዋለሁ" አለ። "መጀመሪያ ቀን ነው ያየሁት። ያኔ 'ቆዪ' ማለት ነበረብኝ። የኔ ነገር ሌላ ሰው ላይ ሲበቅል ሳይ... ልጅ የለኝም ወንድሜ። ደስ አለኝ። ያቺን አንዲት ቆዪ ዋጥኳት።"

ሁለቱም ወለሉን አዩ። አንዱ ስላመነ፣ ሌላው ስለወደደ፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች አንዲት ልጅ ላይ ዝም ብለው ከርመዋል።

"እዚህ ከቆየች አመሉ ይደርቅባታል" አለ መምህሩ ሲነሳ። "ያኔ ማንም አይፈታውም። ግን በኔ አፍ ሂጂ ብላት አትሄድም፤ እርስዎን ትታ መሄድ ነው የሚከብዳት።"

እውነቱን ነበር። ቀሰም ነገሩን ስትሰማ የገዛችውን ዳቦ ጠረጴዛው ላይ ጥላ "አልሄድም" አለች።

"ለምን?"

"በሩን ማን ይከፍትልሃል? እሳት ቢነሳ ማን ይነግርሃል? ያለፈው ሳምንት የጎረቤት ሰውዬ በሩን ሲደበድብ ቆይቶ ሞተሃል ብሎ ሊያለቅስ ነበር እኮ!"

"ብሞት ኖሮ የተዋሰኝን ዕቃ መመለስ ይቀርለት ነበር።"

"አባዬ፣ አትቀልድ!"

አባትየው ዳቦውን መቁረስ ጀመረ። ብትሄድ መዳፉ ምን ላይ እንደሚያርፍ ያውቃል፤ ባዶ እንጨት ላይ ነው። ብትቀር ደግሞ እንከኑ ጨርቁን እስከ ጫፍ ይከተለዋል። በሚቀጥለው ቀን ከፋብሪካው መሣሪያውን ይዞ መጣ። የደወሉን ሽቦ ከግድግዳው ውስጥ አወጣና ከጠረጴዛው ትይዩ ካንጠለጠለው አምፖል ጋር አገናኘው።

"ውጪ ወጥተሽ ተጫኚ" አላት።

ወጣች። አምፖሉ በራ። ጠፋ። በራ። ከዚያ ልጅነቷ ተነሣባትና በራ፣ ጠፋ፣ በራ፣ ጠፋ፤ ቤቱ ዓይኑን የሚያርገበግብ መሰለ። "ይበቃል፣ ታቃጥዪዋለሽ!" ብሎ ጮኸ። እየሳቀች ገባች፤ አምፖሉን ቀና ብላ ስታይ ግን ሳቋ ረገበ። ለምን እንደተሠራ ገብቷታል።

ቼሎዋ አጠገብ ተቀመጠች። ፊቱን ወደ እሷ እስኪያዞር ጠበቀች።

"አባዬ፣ እውነት እችላለሁ?"

"መምህሩ ትችላለች ብሏል።"

"እሱን አልጠየቅኩም። አንተን ነው። አንድ ቀን ሰምተኸኝ አታውቅም፤ ይሄን ሁሉ ዓመት እሱን አምነህ ነው የተቀመጥከው።"

ከዚያ በፊት ቢሆን "ታድያ ምን አለበት?" ይላት ነበር። አሁን ግን እምነቱን ከመምህሩ ላይ አንስቶ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነበረበት፤ ያንን ደግሞ ሠርቶት አያውቅም። መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

"ተጫወቺ።"

ተጫወተች። ዓይኑን ጨፈነ። ስትጨርስ ገለጠው።

"መሃል ላይ ትሰበሪያለሽ" አላት። "ሁልጊዜ እዚያው ቦታ። ያ የሱ ትከሻ ነው፤ የአንቺ አይደለም። ቀድሜ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ከዚያች ወዲያና ወዲህ ያለው ግን..." ቃሉ ጠፋው። በሚያውቀው ቃል ጨረሰው። "ከዚያች ወዲያና ወዲህ ያለው ጨርቅ፣ እኔ ብሆን አሳልፈዋለሁ።"

እንባዋን ደጋኑን በያዘችበት እጅ ጠረገች። አባቷ ጥሩ ጨርቅ ሲያይ ከዚያ የበለጠ ተናግሮ እንደማያውቅ ታውቃለች። በማግስቱ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች።

ባቡሩ ወሰዳት። ጠዋት ጠዋት ስልኩ ላይ "በልተሃል?" የሚል መልእክት ይመጣል። "በልቻለሁ" ብሎ ይመልሳል፤ አንዳንዴም እውነቱን ነው። ከሥራ ሲመለስ ጠረጴዛው ጋ ይቀመጥና ከልማድ የተነሳ መዳፉን ይዘረጋል። እንጨቱ ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ አምፖሉን ያያል። አምፖሉ አይበራም። መጀመሪያ ሰሞን ይህን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ሲቆይ ግን ጥርጣሬ ገባው፤ ሽቦው ተላቅቆ ቢሆንስ? ሰው መጥቶ፣ ደውሎ፣ ደውሎ፣ ተመልሶ ሄዶ ቢሆንስ?

ሊፈትሸው ተነሣ። ችግሩ ይህን ጊዜ ነው የታየው። የሚጫነው ሰው ውጪ ነው፤ አምፖሉ ያለው ውስጥ ነው፤ ከበሩ ሆኖ አይታይም። ሥራው የሁለት ሰው ነው። ቀሰም ፀጉሯን የምታይበትን መስታወት ትታው ሄዳ ነበር። ወንበር ላይ አቆመው፤ ትንሽ አዞረው፤ ወደ በሩ ሄዶ አየ፤ ተመልሶ ትንሽ አቃናው። ከዚያ በሩን ክፍት ትቶ ወጣና የገዛ ደወሉን ተጫነ።

መስታወቱ ውስጥ አምፖሉ ቦግ አለ።

ጣቱን ከደወሉ ሳያነሣ ቆመ። ሽቦው ደህና ነበር። የጎደለው ሰው ነው።

አንድ እጅ ትከሻውን ነካው። ዞር ሲል መምህሩ ደረጃው ላይ ቆሟል።

"ባለቤቱ የለም እንዴ?" አለ ሽማግሌው።

"አለ። ውጪ ቆሟል።"

መምህሩ ፈገግ አለ። "ሐሙስ ነው" አለ፤ ሐሙስ የቀሰም የትምህርት ቀን ነበር። "እኔ የምመጣበት ጉዳይ የለኝም። እግሬ ነው ያመጣኝ።"

አባትየው ፊቱን ተመለከተ። የላይኛ ከንፈሩ የዛሬ ምላጭ ያረፈበት ነበር፤ ጥጉ ላይ ጥቂት ተቆርጧል። ከሰው ጋር ካልተነጋገሩ ጢም መላጨት ለምን ያስፈልጋል?

"በደህና ጊዜ መጡ" አለው። "መስታወት ያታልላል። እርስዎ ይጫኑልኝ፤ እኔ ውስጥ ሆኜ በዓይኔ ልየው።"

በሩን ዘግቶ ገባና አምፖሉ ፊት ቆመ። በራ። ሽማግሌው እንደ ሌላው ሰው ነካ አድርጎ አልተወውም፤ ያዘው፤ ረጅም፣ የማይቸኩል ብርሃን። ደወሉ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ ክንድ አንሥቶ መያዝ ይጠይቃል። መሃል ላይ ሲደርስ ብርሃኑ አንዴ እልም ብሎ ተመለሰ፤ እዚያው ትከሻው እምቢ የሚልበት ቦታ ላይ። ከዚያ እስከ ጫፍ ሄደ። ጠፋ። እንደገና በራ።

ወጥቶ "ይሠራል፣ ይግቡ" ሊለው ይገባ ነበር። እጁን ወደ በሩ መያዣ ዘርግቶ መለሰው።

"ቆይ" አለ ለራሱ፤ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ፤ መዳፉንም ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።