ሳይፈተሽ የታሰረ ጥቅል

የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ለሃያ ዓመታት አንድ ሕግ ሲያስተምር ኖሯል፦ ፋይሎቹን በአንድ ጥቅል እሰር፤ የጥቅሉን ዝርዝር አውጥተህ ተመልከት፤ ዋናዎቹን የምትሰርዘው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። ችኩል ሠራተኛ ሲያጋጥመው፣ «ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» ይለው ነበር። ሕጉን ራሱ የጣሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ይኸውም ሚስቱ በተቀበረች በሳምንቱ።

ሟቿ ገና ላልተፀነሰው የልጅ ልጇ አርባ ተረቶች በድምፅ ቀድታ፣ «ልጃችን ስትወልድ ስጣት» ብላ ለባሏ አደራ ትታ ነበር፤ እሱም ያን ሳምንት በአንድ ጥቅል አሰራቸው። አራት ዓመት አለፈ። በሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው ልትወልድ ጥቂት ቀናት ሲቀሯት፣ ሰውየው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጭር ባለው ቤቱ ተቀምጦ ጥቅሉን እንዲፈታ ማሽኑን አዘዘ።

ማሽኑ፣ ይህ ቦታ እንዳይፈጅ የታመቀ ፋይል አይደለም ሲል መለሰ። ሰውየው የፋይሉን ዓይነት ጠየቀ፤ ስሙ የታመቀ ይበል እንጂ ውስጡ ተራ ጥቅል ነበር። የጀማሪ ስሕተት ነው ብሎ ፈገግ አለ። ትእዛዙን አርሞ ደገመው። የተረቶቹ ርእሶች ተራ በተራ ወረዱ፤ ሃያ አራተኛው ላይ ግን ቆሙ። «የፋይሉ መጨረሻ ያለጊዜው ደረሰ» የሚል መስመር ወጣ።

የድሮ ትእዛዞቹን መዝገብ ከፍቶ አነበበ። የማሰሩና የመሰረዙ ትእዛዝ በአንድ መስመር ተከታትለው ተጽፈዋል፤ ፊተኛው ቢከሽፍ ኋለኛውን የሚያግድ ነገር አልነበረም። ዲስኩ ያን ጊዜ እስከ አፉ ሞልቶ እንደ ነበር አስታወሰ። ማሰሩ መንገድ ላይ ተቋረጠ፤ መሰረዙ ግን ሥራውን ፈጸመ። ማሽኑ በወቅቱ ሳይናገር አልቀረም። ሰውየው ሚስቱ ያወጣቻቸውን ርእሶች ከሐዘኑ ብዛት ማየት ስላልቻለ፣ ቁልፉን ተጭኖ ከክፍሉ ወጥቶ ነበር። ሌላ ቅጂ የለም።

ስልኩ ጮኸ።

«አባዬ፣ ተከፈተልህ?»

ማሽኑ ተበላሸ ቢላት ታምነው ነበር። ውሸት ግን በጥፋት ላይ የሚጨመር ሌላ ጥፋት ነው።

«ሃያ ሦስቱ ሙሉ ናቸው፤ ሃያ አራተኛው ግማሽ ነው። ሌላው ጠፍቷል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሳልፈትሽ ሰረዝኩ።»

«አንተ?» ሳቅ አመለጣት። «ደብተርሽን ሳትቆጥሪ ቦርሳሽን አትዝጊ እያልክ ቁም ስቅሌን ያሳየኸኝ ሰውዬ?» ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ።

«ልጄ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።»

«ምሳሌህን ለሠራተኞችህ! የጠፉትን ታስታውሳቸዋለህ አይደል? የሰማኸውን ንገረኝና ልጻፈው።»

«አንዱንም አልሰማሁም።»

«በአራት ዓመት?»

«በአራት ዓመት።»

«ያሉትን ላክልኝ» አለች። «ግማሹንም ጨምር፤ እንዳትመርጥልኝ። ከመላክህ በፊት ግን ሁሉንም ስማቸው። የተበላሸ ካለ የምትነግረኝ አንተ ነህ።» ስልኩን ዘጋችው።

የመጀመሪያውን ከፈተ።

«በሩን ዝጋልኝ የኔ ጌታ፣ ድምፅ ይገባል» አለች ሚስቱ።

«እሺ» አለ የራሱ ድምፅ። በሩ ተዘጋ፤ ኮቴው በኮሪደሩ ራቀ። እሷም ጉሮሮዋን ጠርጋ ተረቱን ጀመረች።