አፈር ያልለበሱ ሥሮች

«በመጨረሻዋ ማታ አባትህን ሆስፒታል ልጠይቀው ስሄድ እንኳ የሚያወራኝ ስለ አንተ ነበር» አለ መቀስ፣ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ። «‹ልጄ ችግኞቹን አፈር አልብሷቸዋል፤ ከእንግዲህ ብሞትም አይቆጨኝም› አለኝ።»

ሳሎኑን የሞሉት ለቀስተኞች ወደ ልጅየው ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ። አክስቱ «የአባቱ ልጅ!» ብላ እንባዋን ጠረገች። ልጅየው ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። አባቱ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ እስካሁን ቀና ብሎ ሰው ማየት አቅቶታል። ሰዉ ሐዘን መስሎታል።

መቀስ የአባቱ የልብ ጓደኛ ነው። የቅርንጫፍ መቁረጫ መቀሱ ከኪሱ ስለማይለይ ስሙም ይኸው ሆኖ ቀረ፤ ለለቅሶ እንኳ ይዞት ነው የመጣው።

አርባዎቹ የፖም ችግኞች የደረሱት አባቱ ሆስፒታል በገባ በአራተኛው ቀን ነበር። ሥሮቻቸው ያለ አንዳች አፈር፣ በእርጥብ ገለባና በላስቲክ ተጠቅልለው መጡ። አባቱ በስልክ እያለከለከ አዘዘው።

«ዛሬውኑ፣ ሰማህ? ጥላ ቦታ ቦይ ቆፍር። አጋድመህ አስተኛቸውና ሥሮቻቸውን አፈር አልብሰህ አጠጣ። ተነስቼ እስክተክላቸው ንፋስ እንዳያገኛቸው።»

ልጅየው ሞባይል ጠጋኝ ነው። አባቱ «የዚህ እጅ ለሽቦ ነው የተፈጠረው» እያለ በሰው ፊት ሲቀልድበት ነው ያደገው፤ አንዲት ተክል አደራ ብሎት አያውቅም። ያን ዕለት ሱቁ ደንበኛ ይጠብቀው ነበር። ይታፈናሉ ብሎ ላስቲኩን ፈታ፣ ገለባውን አራገፈ፣ ችግኞቹን ጓሮ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሄደ። አመሻሹ ላይ ስልኩ ጮኸ።

«አለበስካቸው?»

«አዎ አባዬ፣ ጨርሻለሁ።»

«ጎበዝ» አለው አባቱ። በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ይህን ቃል ከእሱ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

ነገ አለብሳቸዋለሁ ብሎ ነበር። በነጋታው ጠዋት አባቱ ሞተ።

«እስቲ ልያቸው» ብሎ መቀስ ብድግ አለ።

«ቆይ ጋሼ፣ መጀመሪያ ሻይዎን ይጨርሱ።»

«ሻዩ የትም አይሄድም።»

ልጅየው ተሽቀዳድሞ በሩ ላይ ቆመ። «አላለበስኳቸውም» አለ፣ ሳሎን ሙሉ ሰው እየሰማ። «ዋሽቼው ነው።»

እናቱ ከጥግ ሆና አየችው። «እንዳይጨነቅ ብለህ ነው አይደል ልጄ?»

አዎ ቢላት ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ሰዉም አዎ እንዲል እየጠበቀው ነበር።

«አይደለም እማዬ። እንዳይቆጣኝ ብዬ ነው።»

እናቱ ዓይኗን መለሰች። ልጅየው ፊቱ በሐፍረት ነደደ፤ አባቱን ሸውዶ ያቺን «ጎበዝ» መቀበሉ አሁን ገና ሙሉውን ታየው።

ጓሮ እንደደረሱ መቀስ አካፋ አቀበለው። ልጅየው ጥቁር ልብሱን እንደለበሰ ቦዩን ሲቆፍር፣ ሽማግሌው የእያንዳንዱን ችግኝ ልጣጭ በጥፍሩ ፋቅ እያደረገ ያያል። ውስጡ አረንጓዴ የሆነውን ባልዲ ውሃ ውስጥ ይነክራል፤ የደረቀውን ወደ ጎን ይጥላል። ሃያ ስድስቱ በሕይወት ነበሩ። እነሱን አጋድመው አለበሱ፣ አጠጡ።

«እኔ በለቅሶ ላይ አልቆጣህም» አለ መቀስ እጁን እያራገፈ። «እሱ ግን ይቆጣህ ነበር።»

«ቢቆጣኝ በወደድኩ» አለ ልጅየው። ቀብር ላይ እምቢ ያለው እንባ ያኔ መጣ።

አካፋውን አንስቶ ቦዩን ማስረዘም ጀመረ። ከዚያ ወደ ጎን የተጣሉትን አሥራ አራቱን ሰብስቦ ታቀፈ።

«ምን ልታደርጋቸው ነው? እነዚህ እኮ ሞተዋል።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

ተንበርክኮ አንድ በአንድ አስተኛቸው። አፈሩን በጣቶቹ እያደቀቀ፣ ድንጋዩን እየለቀመ፣ ሥሮቻቸውን አለበሰ።