የመርሻ ወርቅ

ነዒማ ከኮምቦልቻ መጥታ መቀሌ ውስጥ በማቴሪያል ኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ኣፅብሃ የላብራቶሪ ባልደረባዋ ነው፤ በጦርነቱ ያቋረጠውን ትምህርት ገና መቀጠሉ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከክፍል ሲወጡ፣

“ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ላስቸግርሽ ነው” አላት። ታላቅ ወንድሙ መርሻ ወርቅ ሊሸጥ ነው፤ ገዢው ከፋለ ደግሞ የሻጩ ወንድም ቢመዝነው አላምንም ብሏል። “አንቺ የማንም ዘመድ አይደለሽም። መዝነሽ ትመለሻለሽ።”

በባጃጅ ወደ ኩሓ መንገድ ሄዱ። ሁለቱ ሰዎች አንድ ጋራዥ ውስጥ በር ዘግተው ይጠብቋቸው ነበር። መርሻ አንድ እግሩን ያነክሳል፤ ሲያያት ፈገግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላት። ከፋለ ወገቡ ላይ ሽጉጥ ሻጥ አድርጓል።

ነዒማ ጥፍጥፉን ወርቅ መጀመሪያ እንዳለ፣ ቀጥሎ በክር አንጠልጥላ ውሃ ውስጥ መዘነችው። በስልኳ አሰላች።

“ክብደቱ የወርቅ ነው” አለች።

መርሻ ሳቀ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

“ተንግስተን የሚባል ብረት አለ፤ ከወርቅ እኩል ይከብዳል። ላዩን ወርቅ አልብሰውት ከሆነ ሚዛን አይለየውም። እርግጠኛ ለመሆን መሃሉ መቆረጥ አለበት።”

ኣፅብሃ እግሯን ረገጣት። ቃሉ ግን ካፏ ወጥቷል።

“ቁረጠው” አለ ከፋለ፣ መጋዝ ወደ መርሻ እየገፋ።

“አልቆርጥም። ጉድጓድ ገብቼ በእጄ ያወጣሁት ነው። በገዛ ንብረቴ ሌባ ልባል?”

“ሌባ ካልሆንክ ምን አስፈራህ?”

መርሻ በቡጢ አፉን መታው። ከፋለ ሚዛኑን ይዞ ወደቀ፤ እንደ ወደቀ ሽጉጡን አውጥቶ ሁለቴ ተኮሰ። መርሻ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። ኣፅብሃ ሲዘልበት ከፋለ በሽጉጡ እጀታ ፊቱን ደጋግሞ መታው፤ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ጥርሱ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ነዒማ ሻሿን አውልቃ የመርሻን ቁስል ተጫነች። ደሙ በጣቶቿ መሃል ትኩስ ሆኖ ይወጣ ነበር። ከፋለ ጥፍጥፉን በጋራዡ ብረት መቆንጠጫ፣ በሞርሳው፣ አስሮ ይቆርጥ ጀመር። መርሻ ዓይኑን ከመጋዙ አልነቀለም። ለሁለት ሲከፈል መሃሉም እንደ ላዩ ቢጫ ነበር።

“ወርቅ ነው” አለ ከፋለ፣ ለራሱ። ሁለቱንም ግማሽ ኪሱ ከቶ ወጣ።

መርሻ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ። ከፋለ ከተማ ሳይለቅ ተያዘ፤ ነዒማ ችሎት ቆማ ያየችውን ተናገረች።

ኣፅብሃ ከንፈሩ ተሰፍቶ ወደ ላብራቶሪ ሲመለስ ብቻዋን አገኛት። አንገቷን ይዞ ከግድግዳው አጣበቃት።

“ያልጠየቁሽን ለምን ተናገርሽ?”

ልትመልስ ትንፋሽ አልነበራትም። እስክትዝለፈለፍ ያዛት፤ ከዚያ ለቀቃትና የገዛ እጁን እያየ ቆመ። እሷን ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች ሳል ያዛት።

“እውነት ስለሆነ” አለች በመጨረሻ። “መርሻ ይሞታል ብዬ አላሰብኩም።”

ኣፅብሃ በሩን ከፍቶ ወጣ። ለማንም አልከሰሰችውም። አሁን እንዳይገናኙ በላብራቶሪው ምድጃ እሷ ጠዋት፣ እሱ ከሰዓት በኋላ ይሠራሉ።