አምስት ደቂቃ ዝምታ በሱሉልታ

አረጋሽ ሱሉልታ ባለው መድኃኒት ቤቷ የደም ግፊት ለመለካት ፈቃድ እንድታገኝ የቀራት አንድ ፈተና ነው። የሦስት ቀኑን ሥልጠና እንደ ዳዊት ደግማዋለች። ያስጨነቃት መመሪያ ቁጥር ሰባት ብቻ ነው፦ ተለኪው አስቀድሞ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥ፤ በክፍሉ ያለ ሰውም ሁሉ ዝም ይበል። ይህን የጻፈ ሰው ሱሉልታን ረግጦ አያውቅም።

ተቆጣጣሪው አቶ ዘርሁን ሰዓቱን ይዞ ጥግ ያዘ። «ሦስት ሙከራ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀጥለው ዓመት» አላት። ልለካ ብለው የመጡት ገበሬው ኦቦ ዲሪርሳ ወንበሩ ላይ ተሰየሙ።

ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ጎረቤታቸው ቦሩ ሳሙና ሊገዛ ገባና ሰላምታውን ጀመረ።

«አካም ቡልታኒ ኦቦ ዲሪርሳ! ነጋያ?»

ዝም።

«ልጆቹ ደህና? ላሞቹስ? ገብሱስ?»

ኦቦ ዲሪርሳ ዓይናቸውን ብቻ አርገበገቡ።

«በእርሻችን ድንበር ተቀይመውኝ ነው አይደል?» አለ ቦሩ። «ዛሬውኑ ሽማግሌ እልካለሁ!»

«ኧረ ምላሳቸው ተይዞ ነው!» ብላ ጮኸች አንዲት መንገደኛ ከበር።

ኦቦ ዲሪርሳ አላስቻላቸውም። «ደህና ነኝ! ድንበሩንም ትቼልሃለሁ!»

ዘርሁን ሰዓቱን ወደ ዜሮ መለሰ።

ሁለተኛው ሙከራ አራት ደቂቃ ተኩል ደረሰ። አረጋሽ ትንፋሿን ውጣ ትጠብቃለች። ኦቦ ዲሪርሳ አስነጠሱ።

«ይማርዎ!»

«ያኑርህ ልጄ!»

አረጋሽ ቀስ ብላ ዞረች። «ይማርዎ» ያለው ዘርሁን ነበር።

«ቁጥር ሰባት በክፍሉ ያለ ሰው ሁሉ ዝም ይበል ይላል» አለችው።

«አስነጥሰው ዝም ልበል? አሳዳጊ የበደለኝ ነኝ?»

«ቢሆንም መመሪያ ነው። ይውጡልኝና በር ላይ ሆነው ሰላምታውን ይቀበሉላቸው።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ታወቃት፤ ፈታኝ ነው ያባረረችው። ዘርሁን ግን ሰዓቱን ሰጥቷት አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

በሦስተኛው ሙከራ አምስት ደቂቃ ሙሉ ከበር ውጭ የሱ ድምፅ ብቻ ተሰማ፦ «ደህና ናቸው፤ ሚስታቸውም ደህና፤ ላሞቹም ይመስገን፤ ገብሱ… ቆይ፣ የገብሱን አልነገሩኝም።»

የክንድ ማሰሪያው ተነፋ፣ ተነፈሰ። መቶ ሃያ በሰማንያ።

አረጋሽ ቅጹን ይዛ ስትወጣ ዘርሁን ከስድስት ሰው ጋር ተጨባብጦ ከሰባተኛው፣ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ትከሻ እየተጋጨ ነበር።

«ዝምታው ተጠብቋል?» አላት።

«ከውጭው በስተቀር።»

የሽማግሌውን እጅ ሳይለቅ በግራው ፈረመላት። «አንዴ ይጠብቁኝ» አለ፣ «የእኚህን አባት በሬዎች ገና አልጠየቅኩም።»