ግንባሯ ላይ ያለው ከሰል

"አፍንጫውን ትንሽ ቀጠን ብታደርጊው ምን አለበት?" አሉ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር የተቀመጡት ደንበኛ።

ልጅቷ አቀጠነችው። ከታላቅ እህቷ ፀጉር ቤት ትልቅ መስታወት ፊት ቆማ ራሷን ስትስል ነው ያረፈደችው። ስዕሉ ከሰዓት በኋላ ለሥዕል ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና መድረስ አለበት። አምና ፈታኙ የራሷን ምስል ትክ ብሎ አይቶ "እጅሽ ጥሩ ነው፤ አንቺ ግን የለሽበትም" ብሎ መልሷታል። ያቺ ቃል ዓመቱን ሙሉ ስትከነክናት ከርማለች።

ፀጉር ቤት ደግሞ ምክር ታጥቶበት አያውቅም። ፀጉሯን በቢጎዲን የምታስጠቀልለው ሙሽራ ዓይኑን አስተለቀችው፤ ጥፍሯን የምታሠራው ግንባሩን አስጠበበችው። ልጅቷ ሰው ማስቀየም አይሆንላትምና በከሰሉ እያጠቆረች፣ በነጩ ጠመኔ እያበራች ሁሉንም እሺ አለች።

እህቷ ማበጠሪያ እንደያዘች መጥታ ከጀርባዋ ቆመች።

"ቆንጆ ናት። ማን ናት?"

"እኔ ነኛ!"

"ኧረ ተይኝ! ይህቺ እኮ ግድግዳው ላይ የለጠፍኳት የቅባት ማስታወቂያ ናት።"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። የልጅቷ ዓይን ግን እንባ አቀረረ። ዘንድሮም የለችበትም።

"ታዲያ ምን ላድርግ? ሰዓቱ ደረሰ እኮ!"

"እኔ ምን አውቄ? ስትናደጂ ግንባርሽን እንደምታሺ ብቻ ነው የማውቀው። ይኸው፣ ከሰል ተለቅልቀሻል።"

መስታወቱን አየች። ከቅንድቧ በላይ ጥቁር ጭረት ተጋድሟል። ከሰል የምታጠፋበትን የዳቦ ልብ አንስታ ከወረቀቱ ላይ አፍንጫውንም፣ ዓይኑንም፣ ግንባሩንም ጠረገችው።

"ምነው ልጄ፣ ያ ሁሉ ልፋት!" አሉ ደንበኛዋ ደንግጠው።

"ይቅርታ እትዬ፣ አፍንጫዬ ሰፊ ነው።"

ለደንበኛ እምቢ ስትል የመጀመሪያዋ ነበር፤ ደስ አላት። ከዚያ እጇ ፈጠነ። ሰፊው አፍንጫ ተመለሰ፣ ቅንድቡ ተኮሳተረ። ነጩን ጠመኔ እንባው ያቀረረበት ቦታ ላይ ነካ አደረገችው።

እህቷ እርጥብ ፎጣ ይዛ መጣች። "ነይ ልጥረግልሽ። እንዲህ ሆነሽ ፈታኝ ፊት አትቀርቢም።"

"እንዳትነኪኝ! ገና አልሳልኩትም።"

ግንባሯ ላይ ያለውን ጭረት ወረቀቱ ላይ ደገመችው። እህቷ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ስዕሉን አየችው።

"ይህቺንስ አውቃታለሁ" አለች።

ልጅቷ ስዕሉን በሁለት ካርቶን መሃል አድርጋ፣ ፊቷን ሳትታጠብ ወጣች።