ዳንካራ ባዶ ናት የተባለ ዕለት

ኔል ማሕማዲ የውሃ ፓምፑን ሞተር ዘይት ቀይራ እንዳስነሣችው አንድ ነጭ መኪና አቧራውን እያስነሳ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። የወረደው ሰው ብራይስ እባላለሁ፣ ከክልሉ ቢሮ ነው የመጣሁት አለ። ከዚያም ዳንካራ ውስጥ ማንም ሰው እንደማይኖር ነገራት።

«ታዲያ አሁን ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለችው ኔል፣ ዘይት የነካውን እጇን በሱሪዋ እየጠረገች።

ሰውየው አልሳቀም። በሕዝብ ቆጠራው ሳምንት ቆጣሪዎቹ ቤት ለቤት ቢያንኳኩ ከውሻ በቀር የወጣላቸው አልነበረም፤ ስለዚህ ዳንካራ ባዶ ተብላ ተመዝግባለች። ለባዶ ከተማ ደግሞ መንግሥት ውሃ አያወጣም። ብራይስ የመጣው ፓምፑን ሊቆልፍ፣ መንገድ ዳር የቆመውን የስም ሰሌዳም ሊነቅል ነው። በዚያ ምድረ በዳ ሌላ ውሃ የሚገኘው ቀኑን ሙሉ ተነድቶ ነው፤ ፓምፑ ቆመ ማለት ከተማዋ አለቀላት ማለት ነው።

የኔል ደም ፈላ። ዳንካራን ባዶ ማለት! ቅድመ አያቷ ከአፍጋኒስታን ግመሎቹን በመርከብ ጭኖ መጥቶ እዚህ ውሃ አጠገብ ድንኳኑን ሲተክል፣ ከተማው ሁሉ አክስቴ የሚላቸው የአሮጊቷ የኮራል ጎሳ ሰዎች እዚሁ ነበሩ። መቼ መጡ ብሎ የሚጠይቅ ሞኝ ነው፤ ከየትም አልመጡም። ኋላ ባቡር መጣ፤ ባቡሩን ተከትሎ መዳብ ቆፋሪው፣ ቆፋሪውን ተከትሎ መጠጥ ሻጩ። መዳቡ አለቀ፤ ሐዲዱም ተነቅሎ ተሸጠ። ያኔም አንድ ከረባት ያሰረ ሰው መጥቶ ዳንካራ አበቃላት ብሎ ሄዷል። የቀሩት ግን ቀሩ፤ ግማሾቹ የአክስቴ ኮራል ዘመዶች፣ ሌሎቹ የግመል ነጂዎቹ የልጅ ልጆች፣ ጥቂት ጡረተኛ ቆፋሪዎች፣ መጠጥ ቤት ያለው ስታቭሮና ከፊሊፒንስ የመጣችው ሚስቱ ሉዝ። አብዛኛው ሸምግሏል። ልጅም ግን ይወለዳል፤ ለዚያውም ጯሂ ልጅ።

ወሬው ለመዞር ጊዜ አልፈጀበትም። ሰው ሁሉ ፓምፑ ዘንድ ግር ብሎ መጣ።

«በቆጠራው ሳምንት ሁላችሁም የት ነበራችሁ?» አለ ብራይስ፣ ሕዝቡን ሲያይ ደንገጥ ብሎ።

«ቀብር» አለ ስታቭሮ። «ሩቅ ነው፣ እናቱ መንገድ ላይ ሳለች ሰውየውን የወለደችበት ቦታ። ዝናቡ መንገዱን ቆረጠውና እዚያው ከረምን።»

«ከተማው በሙሉ?»

«እናንተ አገር ሰው ሲሞት ተከፋፍላችሁ ነው እንዴ የምትቀብሩት?»

የብራይስ ፊት ፈካ አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር። «እንዲህ ከሆነማ ቀላል ነው። ቆጠራው ተዘግቷል፤ በሐዘን ምክንያት ነው ብዬ ግን አስተካክለዋለሁ። ቅጹ ላይ የምሞላውን የሟቹን ስም ብቻ ንገሩኝ።»

ሰዉ ሁሉ ወደ አክስቴ ኮራል ዞረ። በአክስቴ ኮራል ሰዎች ዘንድ የሞተ ሰው ስም አይጠራም፤ ሐዘኑ አበቃ እስኪባል ድረስ አይጻፍምም። ከተጠራ ሟቹ መንገዱን ትቶ ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህን የማይጠብቅ ዳንካራ ውስጥ የለም፤ ሞክሼው የሆነ አንድ ቆፋሪ እንኳ ከቀብሩ ወዲህ «ቀዩ» እየተባለ ነው የሚኖረው። ሟቹ ደግሞ የአክስቴ ኮራል ታናሽ ወንድም ነው።

ብራይስ ወደ ኔል ጠጋ አለ። «እርስዎ የእነሱ ወገን አይደሉም። በጆሮዬ ይንገሩኝ፤ ማን ይሰማል?»

ስሙ ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። መኪና መንዳት ያስተማራት፣ የአባቷንም መቃብር የቆፈረላት ሰው ስም ነው። አንዲት ቃል ብትተነፍስ ፓምፑ አይቆለፍም፤ ልጆቹም ውሃ ይጠጣሉ። አክስቴ ኮራልን አየቻቸው። ተናገሪም አትናገሪም አላሏት፤ እጅ እንደተነሣበት ሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አልነግርህም» አለች። «ቆልፈው።»

«ኔል፣ አብደሻል? ውሃው እኮ ነው!» አለች ሉዝ።

«ሰምቻለሁ፣ ሉዝ።»

ብራይስ የፓምፑን ሞተር አጠፋ። በማስነሻው ላይ ሰንሰለት ጠምጥሞ ቆለፈበትና ወደ መኪናው ዞረ። ኔል ከዕቃ ሳጥኗ ብረት መቁረጫ መቀሷን አወጣች። እዚያው ፊቱ ሰንሰለቱን ቀጭ አድርጋ በጠሰችውና ሞተሩን አስነሣችው።

«ይሄ ወንጀል ነው!» ሲል ጮኸ።

«ነው እንጂ! ክሰሰኛ። የሞተ ሰው ስም አታገኝም፤ የቋሚ ስም ግን እንካ። ኔል ማሕማዲ፣ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ አድራሻዬ ዳንካራ፣ ከመጠጥ ቤቱ ጀርባ። ምነው ቆምክ? ለአለቆችህ ባዶ ከተማ ውስጥ ውሻ ቆረጠው ልትላቸው ነው?»

ብራይስ ሌላ ሰንሰለት አልያዘም። ብዕሩን አወጣና ጻፈ።

ስታቭሮ መቀሱን ተቀብሎ ከተበጠሰው ሰንሰለት ላይ አንድ ቀለበት ቆረጠ። «እኔም አጥፍቻለሁ። ስታቭሮ ጋላኒስ፣ ሰባ አንድ፣ ዳንካራ። ከፈለግህ ወደ እስር ቤት ስትወስደኝ ቢራ እይዛለሁ።» ሉዝ ባሏን ገፋ አድርጋ ገባች፤ እየተነጫነጨች ቆረጠች፣ ስሟንም አስጻፈች። ሰዉ ያለ አዛዥ ተሰለፈ። አንዲት እናት ሕፃኗን ታቅፋ መጣችና የእሱንም ስም ካልጻፍክ ብላ ሞገተችው።

አክስቴ ኮራል ተራቸው ደረሰ። መቀሱ ከበዳቸው፤ ኔል ከሥር ደገፈችላቸውና አብረው ቆረጡ።

«ስም?» አለ ብራይስ፣ ቀና ሳይል።

«ኮራል።»

«ዕድሜ?»

«አላውቀውም ልጄ። ከዚያ ሰሌዳ ግን እበልጣለሁ።»

«አድራሻ?»

አክስቴ ኮራል ከቧንቧው የሚፈሰውን ውሃ በመዳፋቸው ጠልፈው ጠጡ፤ አፋቸውን ጠርገው በረጅሙ አዩት።

«እዚህ» አሉ። «እዚህ ብለህ ጻፍ።»

ጻፈ። ከዚያም ገጹን ገለበጠና «ቀጥሎስ ማነው?» አለ።