አሥራ አራት ጊዜ እስከ አራተኛ ፎቅ

ቀመሪያ ስኳር ከያዛት ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሐኪም ማታለል ከጀመረችም እንዲሁ። ቀጠሮዋ ሦስት ቀን ሲቀረው ብስኩቱ ይቆለፍበታል፤ ሻዩ ያለ ስኳር ይጠጣል፤ ከልደታ እስከ ተክለ ሃይማኖት በእግር ይኬዳል። በቀጠሮዋ ጠዋት በባዶ ሆዷ ስትለካ ቁጥሩ ያማረ ነው። ከሰዓት በኋላ ባቅላባ ትበላለች።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ጠነከረ። ከአምስት ወር በኋላ ሐጅ ልትሄድ ነው፤ ሐኪሙ ካልፈረመላት ጉዞ የለም። እሱ ደግሞ አዲስ ምርመራ አዘዘ። ስኳር ያለበት ሰው የልብ ጡንቻው መጎዳት ሲጀምር፣ ገና ሕመሙ ሳይሰማው፣ ከጡንቻው ወደ ደም የሚፈስ ነገር አለ፤ እሱ ይለካ አለ።

«ለስኳር እርምጃ ከበጀ ለልብ ሩጫ ነዋ!» አለቻት ለጎረቤቷ ለሸዋዓለም።

«በዚህ ጉልበትሽ?»

«አንቺ ዝም ብለሽ ቁጠሪ።»

ሸዋዓለም ከኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ሥር ወንበር አውጥታ ቆጠረች። በምርመራው ዋዜማ ቀመሪያ እስከ አራተኛ ፎቅ አሥራ አራት ጊዜ ወጥታ ወረደች።

ውጤቱ ሲመጣ የነርሷ የኑኃሚን ፊት ጠቆረ። «እናቴ፣ ቁጥሩ ከፍ ብሏል። ሐጁ እንግዲህ…»

ቀመሪያ ውሸታም መባልንና የመካ ጉዞዋን ጎን ለጎን አስቀምጣ መዘነቻቸው።

«ደረጃ ሮጬ ነው።»

«የምን ደረጃ?»

«አራት ፎቅ። አሥራ አራቴ።»

«ለምን ሲባል?»

«ቁጥሩ እንዲያምር ነዋ! ለስኳሩም ሁሌ…» አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ኑኃሚን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ለስኳሩ ሁሌ ምን?»

የዘጠኝ ዓመቱ ጉድ ተዘረገፈ።

ለካስ ከባድ ሩጫ ራሱ ያንን ቁጥር ከፍ ያደርገዋል። ሳምንት አርፋ እንድትመለስ ተነገራት። ሳምንቱን በየፎቁ ቆም ብላ እያረፈች፣ በሸዋዓለም እየተሳቀባት አሳለፈችና እንደገና ደም ሰጠች።

«ወርዷል፤ ግን ከልኩ ትንሽ ያልፋል» አላት ሐኪሙ ከኑኃሚን ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ። «የልብዎ ጉዳት ገና ጅምር ነው፣ በጊዜ ደርሰንበታል። የሦስት ወሩን አማካይ ስኳርዎንም አስለክቼዋለሁ፤ ከፍ ብሏል፤ እሱ በሦስት ቀን አይታለልም። መድኃኒት እጨምርልዎታለሁ። እርስዎ ሦስት ወር ሙሉ በደንብ ከተጠነቀቁ እፈርማለሁ።»

ቀመሪያ በጣቶቿ ቆጠረች። ለሐጅ አምስት ወር፤ ከዚያ ላይ ሦስት ሲነሣ…

«ዶክተር፣ ታዲያ ከሁለት ወር በኋላ ብጀምርስ?»

ኑኃሚን ከቀመሪያ ቦርሳ ብቅ ያለውን የባቅላባ ካርቶን ቀስ ብላ መዝዛ መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት።